እስኪያይ ድረስ የማይወድቅ ቀበሮ

አባቴ በአየር ላይ ሮጫለሁ ብለው ሲምሉ ያመናቸው ሰው አልነበረም። እኔም ከማያምኑት አንዷ ነበርሁ። ሰው ገደል ከገባ ይወድቃል እንጂ አይሮጥም። ይህን ለማወቅ ጃናሞራ መወለድ አያስፈልግም፤ እኛ ደግሞ እዚያው ተወልደን፣ ከደጃችን አልፎ ገደል በሚጀምርበት አገር አድገን፣ ስለ መውደቅ ከማንም የበለጠ እናውቃለን ባዮች ነን።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ገብስ ታጭዶ ባለቀ ሰሞን ነው። ቀበሮ ከአባቴ በጎች መካከል አንዲት ግልገል ነጠቀች። አባቴ ሽማግሌ ናቸው፤ ሆኖም ቀበሮ በግ ስትወስድበት ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው በእኛ አገር የለም። «ያዝ! ያዝ!» እያሉ ዱላቸውን ይዘው ተከተሏት። እናቴ ካረፈች ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ስለሆነ፣ ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ እስኪደርስ ቀበሮዋ ከፊት አባቴ ከኋላ ሆነው ሜዳውን ጨርሰውት ነበር። ቀበሮዋ ገደሉ አፍ ላይ ስትደርስ ግልገሏን ጣለችና ወደ ጎን ታጠፈች። አባቴ አልታጠፉም።

ደግነቱ ከአፋፉ ዝቅ ብሎ እርከን አለ፤ ያረፉት እዚያ ላይ ነው። ጭናቸው ተሰበረ። ጎረቤቶች በጠፍር አወጧቸውና በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አደረሷቸው። ወሬውን የጀመሩት እዚያው ቃሬዛው ላይ ሆነው ነው። «ሰማችሁ ወይ? መሬቱ አለቀ፣ እኔ ግን አላለቅሁም። ከእግሬ በታች ምንም የለም፤ እኔ እሮጣለሁ። የወደቅሁት ወደ ታች ሳይ ነው፤ በአጥቢያዬ ታቦት!» ተሸካሚዎቹ ሕመሙ ነው የሚያናግራቸው ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጎንደር ሲደርሱም ለሐኪሙ ይህንኑ ነገሩት። ሐኪሙ ሰምቶ ሲያበቃ ጭንቅላታቸውንም ራጅ አስነሣቸው። ደኅና ነው ተባለ።

ታላቅ ወንድሜ ግን አልተዋጠለትም። እሱ ዳባት ውስጥ እህል ነጋዴ ነው፤ ሁሉን ነገር ወዲያው መጨረስ ይወዳል።

«እግራቸው ይድናል፤ እኔ የምፈራው ራሳቸውን ነው» አለኝ። «ዛሬ በአየር ሮጥሁ ያለ ሰው ነገ እበርራለሁ ብሎ ቢነሣ ማን ይይዘዋል? ከእንግዲህ እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ብቻቸውን አይኖሩም። በጎቹ ይሸጡ፤ መሬቱንም ዘመድ በእኩል ይረሰው።»

ይህንኑ ለአባቴ ፊት ለፊት ነገራቸው። ነገሩን በቀልድ ላለስልስ ብሎም «የእርስዎ ነገርኮ፣ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ሆነ» አለ። አባቴ አልሳቁም። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቤታቸው መግባት። ወንድሜ ያን የአየር ወሬ ከተዉት እናስብበታለን ሲላቸው «ያየሁትን አላየሁም አልልም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እንዲህ ሆነው ነው ደባርቅ እኔ ቤት የከረሙት። ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ናት፤ ቴሌቪዥኑ ከኋላዬ። አባቴ እግራቸውን ዘርግተው አልጋው ላይ ይቀመጣሉ። ልጄ ከትምህርት ቤት እንደመጣች ቦርሳዋን ጥላ አጠገባቸው ትወጣና የካርቱን ጣቢያዋን ትከፍታለች። እኔ ዐይኔ መርፌው ላይ ስለሆነ የማየው የለም፤ በጆሮዬ ግን እከታተላለሁ። ሙዚቃው ሲፈጥን ማባረር ነው፣ ቀስ ሲል አድብቶ መቅረብ ነው፣ ዱብ ሲል ያው ነው።

ልጄ የምትወደው አንድ መንማና ቀበሮ አንዲት ድንቡሽ ያለች ጥንቸል ሲያባርር የሚውልበትን ነው። ንግግር የለውም። ስለዚህ አባቴን የሚያግዳቸው ቋንቋ አልነበረም፤ ያገዳቸው የካርቱኑ ሥርዓት ነበር።

«ይህች ጥንቸል የማን ናት?» አሏት ልጄን በመጀመሪያው ቀን።

«የማንም አይደለችም አባባ። የዱር ናት።»

«የማንም ካልሆነች ይህ ሁሉ መከራ ለምንድን ነው? ይብላት።»

ልጄ ደነገጠች። አባቴ ደግሞ በማግሥቱ «ዛሬም አልበላም?» ሲሉ ጠየቁ። አልበላም። በሌላው ቀንም አልበላም። «ጾመኛ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ለመሆኑ አገሩ አይጥ የለም? የእኛ ቀይ ቀበሮ አይጧን ጉድጓዷ አፍ ላይ በጸጥታ ይጠብቃታል እንጂ ለአንድ ጥንቸል ብሎ ቀን ሙሉ አይንከራተትም።»

እኔ ከተፈጥሮዬ ጥያቄ አይለቀኝም። እናቴ በሕይወት ሳለች «ጥያቄሽ ከፈትል ይረዝማል» ትለኝ ነበር። ስለዚህ እየሰፋሁ አስብ ጀመር። እኛ አገር ቀበሮ ከኋላ፣ በግ ከፊት ሆነው ሲሮጡ እሪታ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ግን ያው ሩጫ ሳቅ ሆነ። ለምን? ጥንቸሏ የእኛ ስላልሆነች ነው? ወይስ ቀበሮው ስለማይበላ? አንድ ቀን ጥንቸሏን ቢይዛትና ቢበላት ልጄ ሁለተኛ ያንን ጣቢያ የምትከፍት አይመስለኝም። የበለጠ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ጭናቸውን ያሰበራቸው ቀበሮ ሆኖ ሳለ አባቴ የሚያዝኑት ለቀበሮው ነበር። በወደቀ ቁጥር «እሰይ!» ይላሉ ብዬ ስጠብቅ «አይ ምስኪን» ይላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሚዜ ቀሚስ ላይ ተጎንብሼ ሳለሁ ሙዚቃው ፈጠነ። ማባረር ነው አልሁ በሆዴ። ከዚያ ድንገት ጸጥ አለ። ልጄ ሳቀች። ቀጥሎ ረዘም ያለ ፉጨት፣ ቀጥሎ ዱብ።

«ይኸው!» ብለው ጮኹ አባቴ።

ዞር ስል ምርኩዛቸውን ሳይዙ በአንድ እግራቸው ቆመዋል። «ይኸው! መሬቱ አለቀ፣ እሱ አላለቀም! እስኪያይ ድረስ አልወደቀም! ነይ እይ!»

ሮጬ ስደርስ ቀበሮው ከወደቀበት ጉድጓድ ወጥቶ አቧራውን እያራገፈ ነበር። አባቴ ልጄን «መልሽው» አሏት። እንደማይመለስ፣ ነገ ግን እንደሚደግሙት ነገረቻቸው። ያን ቀን ራት አልበሉም። በማግሥቱ ሰዓቱ ሲደርስ መኪናዬን አቁሜ መካከላቸው ተቀመጥሁ።

ጥንቸሏ ገደሉ አፍ ላይ ስትደርስ ወደ ጎን ታጠፈች። ቀበሮው አልታጠፈም፤ ቀጥ ብሎ ሮጠ። ከእግሩ በታች ምንም የለም፤ እሱ ግን ይሮጣል። ከዚያ አንድ ነገር ጠረጠረና ቆመ። በአንድ እግሩ አየሩን ዳሰሰ። ወደ ታች አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እኛን አየ፤ ሦስታችንን በየተራ ያየን ይመስል ነበር። ከዚያ ወደቀ።

ልጄ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ያስቃል። አባቴ አልሳቁም።

«ይህን የሣለው ሰው ገደል ወድቆ ያውቃል» አሉ። «ካልሆነም የወደቀ ሰው ጠይቋል። በዚህ ብቻ ነው የተለየነው፤ እሱ እናንተን አየ። እኔ ያን ጊዜ የማየው ሰው አልነበረኝም።»

ይህን ካሉኝ በኋላ መስፋት አቃተኝ። አዘንሁላቸው፤ ጥያቄውም አልለቀኝም። ልጄን ለብቻዋ ጠየቅኋት፦ የሚያስቅሽ ሲወድቅ ነው ወይስ ሲያይ? ጥፍሯን እየነከሰች አሰበችና «ሲያይ» አለችኝ። «ሲወድቅማ ወደቀ ነው።» ቀሚስ ልታሳጥር ለመጣች ደንበኛዬም ነገሩን አነሣሁባት። ሴትዮዋ ገበያ ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ባሏ ከሞተ ብዙ አልቆየም። «ምን ያስገርማል?» አለችኝ። «እኔ የወደቅሁት ባሌ የሞተ ቀን መሰለሽ? ለቅሶ ደራሽ ሳስተናግድ፣ ድንኳን ሳስተክል፣ ስሮጥ ከረምሁ። አርባውን አውጥቼ፣ ሰው ሁሉ ሄዶ፣ ቁጭ ብዬ ዙሪያዬን ሳይ ነው የወደቅሁ።» ከዚያ ቀሚሱ ብዙ እንዳያጥርባት አደራ ብላኝ ሄደች።

በመካከሉ የአባቴ የነፍስ አባት ለሀገረ ስብከት ጉዳይ ደባርቅ መጡ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ከዳባት ተነሥቶ ቄሱን ይዞ ከች አለ። መስቀል ተሳለምን። ቄሱ ከተቀመጡ በኋላ ረጋ ብለው ጀመሩ።

«እንግዲህ በታቦት ምለዋል ይሉኛል። መሐላ ቀላል ነገር አይደለም። እውነት ከሆነ ምስክር ያቁሙ፤ ስሕተት ከሆነ ደግሞ እግዚአብሔር ይፍታዎ፣ ንስሐ ይግቡና ይለቅልዎ።»

ወንድሜ አባቴን አየ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ተሳስቻለሁ ካሉ ጤነኛ ናቸው፣ ቤታቸው ይገባሉ። እንደማሉ ከቀሩ በጎቹ ለፋሲካ ገበያ ይወጣሉ። እኔ በሆዴ «በሉ እንጂ አባዬ፣ ምን አለበት» እል ነበር።

«አባ፣ ምስክር አለኝ» አሉ አባቴ፤ በጣታቸውም ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከቱ።

መብራት አልነበረም።

«ምስክርዎ መብራት ሲመጣ ነው የሚመጣው?» አለ ወንድሜ። ቄሱ ግን አልተነሡም። «እስኪ እንጠብቀው» አሉ፤ እንደ እኔው ነገር መመርመር የሚወዱ ሰው መሆናቸውን ያን ቀን አወቅሁ። ሻይ አፈላሁ። ሁለተኛውን ስኒ ሲጨርሱ መብራቱ መጣ፤ ልጄ ዘልላ ጣቢያዋን ከፈተች፤ ቀበሮውም መጣ። መጀመሪያ የራሱ ወጥመድ ያዘው። ከዚያ ድንጋይ ተንከባሎበት እንደ እንጎቻ ጠፍጥፎት አለፈ። ቄሱ ወደ ፊት ተጠጉ። «ጥንቸሏ የማን ናት?» አሉ። አባቴ «የዱር ናት» ብለው መለሱ፤ አሁን እሳቸው ዐዋቂ ሆነዋል። «ዛሬ ደግሞ ጾም አይደለም፤ ለምን ሌላ አይበላም?» አሉ ቄሱ። «እሱን እኔም ጠይቄያለሁ» አሉ አባቴ።

ገደሉ ደረሰ። ቀበሮው ሮጠ፣ ቆመ፣ አየ፣ አየን። ቄሱ ጥምጥማቸው እስኪላላ ድረስ ሳቁ፤ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። አባቴ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ምርኩዛቸውን ጨብጠው ያዩዋቸዋል።

«ደስ ይላል» አሉ ቄሱ። «ነገር ግን ሥዕል ነው። ሣዩ እርስዎን አላየም። ምስክር ማለት ቦታውን ያየ ነው። ለመሆኑ ቦታውን ማን አየው?»

 ጎረቤቶች ያዩት የወደቁበትን እርከን ነው፤ ሰው ለማዳን ሲጣደፉ አባቴ ያለፉበትን አፋፍ ማን ይመርምር? ሐኪሙ ያየው ጭን ነው። ወንድሜ ያየው ገበያውን ነው።

«እኔ ሄጄ አያለሁ» አልሁ፤ ማለቴን የሰማሁት ካልሁ በኋላ ነው።

«አንቺ ደግሞ!» አለ ወንድሜ።

ቅዳሜ ማለዳ ወደ ጃናሞራ በሚሄድ አይሱዙ ተሳፈርሁ። ሳንቃ በር ስንደርስ ጉም ስለነበር ሾፌሩ ቀስ አለ፤ የብሔራዊ ፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች ካፖርታቸውን ተከናንበው እሳት ይሞቃሉ። ከመኪና ወርጄ በእግር የአባቴ ቀበሌ ስደርስ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። በጎቹን የምትጠብቅላቸው ጎረቤታቸው፣ ጓሳ የሚባለውን የክዳን ሣር አጭዳ በመሸጥ ልጆቿን ያሳደገች ባልቴት ናት። የመጣሁበትን ስነግራት አልሳቀችብኝም። «ነይ» አለችኝና ከፊት ከፊቴ ሄደች።

ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ጓሳው እስከ ጉልበት ይደርሳል። እኔ ገና ነው ስል «በቃሽ» ብላ በእጇ ያዘችኝ።

«ገደሉ የታለ?»

«ከእግርሽ ፊት ነው። ተኝተሽ እይ።» መቀነቴን ከኋላ ጨበጠችልኝ። በሆዴ ተኛሁና እጄን ጓሳው ውስጥ ሰደድሁ። አፈር እነካለሁ ብዬ ነበር። ከታች ወደ ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ መዳፌን መታው።

መሬቱ አልቋል፤ ጓሳው ግን አላለቀም። ከአፋፉ ላይ ይበቅልና፣ አሮጌው በአዲሱ ላይ እየተኛ፣ ሥሩ እርስ በርሱ እየተያያዘ፣ እንደ ጎጆ ክዳን ወደ ውጭ ወጥቶ ይንጠለጠላል። ከላይ ለሚያየው ሜዳው ይቀጥላል። ተነሥቼ በአንድ እግሬ ጫን አልሁት። ቻለኝ! ከጎኑ ሰው የሚያሾልክ ያህል ተገንጥሎ የወደቀ ቦታ አለ፤ ጥቁሩ አፈርና የተበጠሰው ሥር ይታያል። አባቴ ያለፉት በዚያ ነው። በሽንቁሩ ቁልቁል ለማየት ቆምሁ።

ባልቴቷ በመቀነቴ ጎትታ መለሰችኝ። «አትቁሚ! ወይ እለፊ ወይ ተመለሺ እንጂ እዚያ ላይ አይቆምም» አለች ተቆጥታ። «እኛ ጓሳ ስናጭድ እግራችንን አናሳርፍም። ለሚሄድ ይሸከማል፤ ለቆመ አይሸከምም። አባትሽ በሩጫ ገብተውበታል፤ ሲያዩ ቆሙ፣ ሲቆሙ ለቀቃቸው። በደኅና ቀን ቢሆን ያውቁታል፤ የዚያን ዕለት ዐይናቸው ቀበሮዋ ላይ ነበር።»

ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ስንት ዘመን ያንን በሬ ስንሰድበው ኖርን! ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ሣሩ ገደሉን ሸፍኖበት ነው። ከእኛ ራቅ ብላ አንዲት በግ ትግጣለች። ባልቴቷ በአገጯ እያመለከተች «ያች ናት ቀበሮዋ የነጠቀቻት» አለችኝ። ቀበሮዋ ጾሟን አደረች፣ አባቴ ጭናቸውን ተሰበሩ፣ ግልገሏ ግን አድጋ እዚያው አፋፍ ላይ ሣር ታነሣለች። ልክ እንደ ቴሌቪዥኑ።

ደባርቅ ስመለስ ወንድሜም ከአባቴ ጋር ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ያየሁትን አንድ በአንድ ተናገርሁ። አባቴ እስክጨርስ ሰሙኝ።

«እንግዲያ አየር አልነበረም» አሉ ቀስ ብለው።

ፈራሁ። እውነቱን ላመጣላቸው ሄጄ ትልቁን ነገራቸውን የወሰድሁባቸው መሰለኝ። «ከጓሳው በታች አየር ነው አባዬ» አልሁ። «እጄን ሰድጄ ነፋሱን ነክቼዋለሁ። ከጓሳው ሌላ የያዘዎት ነገር አልነበረም። ቄሱ ከጠየቁኝ እመሰክራለሁ።»

ምርኩዛቸውን አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ጎረቤቴ ምን አለች አልሽኝ?»

«ለሚሄድ ይሸከማል፤ ለቆመ አይሸከምም።»

ወደ ወንድሜ ዞሩ። ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ እንዲያ አቅንተው ሲያዩት አላየሁም ነበር። «ልጄ፣ እኔንም አታቁመኝ» አሉት።

ወንድሜ ከመቀመጫው ተነሣ። «ቤትዎ የሚያደርስዎትን መኪና እኔ እፈልጋለሁ» አለ።

የሄዱ ዕለት ልጄን ይዤ ልሸኛቸው መናኸሪያ ወጣሁ። ቦታው ኮረኮንች ነው፤ በዚያ ላይ ሌሊት ዘንቦ ጭቃ ሆኗል። አባቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ መኪናው ከፊታችን ይሄዳሉ። እኔ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ ዐይኔን ከእግራቸው ሳልነቅል ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ።  ልጄ ቀሚሴን ሳበችኝ።

«እማ፣ እግራቸውን አትዪ!»

«ለምን?»

«አንቺ ካየሽ እሳቸውም ያያሉ። ከዚያ ይወድቃሉ።»

እጄን ሰበሰብሁ። ዐይኔን በግድ አንሥቼ ዳቦ የምትሸጠዋን ሴት አየሁ፣ የመኪናውን ጣሪያ አየሁ፣ እዚያ ላይ የታሰረውን የአባቴን ፍራሽ አየሁ። መለስ ብዬ ስፈልጋቸው መኪናው ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። መኪናው ሲነሣ ዞረው አዩን። እኛም እዚያው ነበርን።